ሣርና ማገጥ በአንድ መስክ፤ የወተት ላም ላላቸው ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ምክር

በደጋው አገራችን ወተት ሲያንስ አስቀድማ የምትወቀሰው ላሚቱ ናት። ዘሯ መልካም አይደለም ይባላል፤ አላቢዋም ትጠረጠራለች። ነገር ግን የወተቱ መነሻ መስኩ ስለ ሆነ፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን ላሚቱ የምትግጠውን መሬት አስቀድመው ጐንበስ ብለው እንዲመለከቱ እናሳስባለን። ይህም ነገር ባለ ብዙ ከብቱን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በአንዲት ላም ወተት ልጆቹን የሚያሳድገውን ቤት ይልቁን ይነካዋል።

ሣር ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አያበዛም። ካበበ በኋላ አገዳው እየጠነከረ፥ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን እየቀነሰ ይሄዳል። ማገጥ ግን ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ስለ ሆነ፥ ፕሮቲንና ካልሲየም አብዝቶ ይሰጣል። ከመስኩ መኖ ሲሦው ያህል ማገጥ ቢሆን መልካም ድልድል ነው።

ማገጥ መሬቱንም ይመግባል። በሥሩ ላይ የሚታዩት ትንንሽ እባጮች የደቂቅ ሕዋሳት ማደሪያ ናቸው፤ እነርሱም ከአየሩ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ይህንንም ምሥጢር በ1886 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት ገልጸውታል። እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ብሎ ከታየ፥ ሥራውን በመሥራት ላይ መሆኑ ይታወቃል።

ይህንን ሀብት ከባሕር ማዶ ማስመጣት ግድ አይደለም። በኢትዮጵያ ምድር ከ20 የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች በተፈጥሮ ይበቅላሉ፤ ከእነርሱም በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። በ1974 በአውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ርባታ ማዕከል የብዙዎቹን ዘር ሰብስቦ መርምሯል።

እንግዲህ የመስኩ አያያዝ እንደሚከተለው ነው። ከአገራችን ማገጥ አብዛኛው በዘሩ የሚኖር የዓመት ተክል ነው። ዘሩን ሳያፈስ በየዓመቱ ተግጦ ካለቀ፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ መስኩ የሰርዶና የአክርማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከመስኩ አንዱን ክፍል በየዓመቱ እየለወጡ፥ ዘሩ በስሎ እስኪረግፍ ድረስ ከልሎ ማቆየት ይገባል። የቀረውንም በየተራ ማስጋጥ፥ ሣሩም አራት ጣት ያህል ሲቀረው ከብቱን ወደ ሌላው ክፍል ማዛወር ነው። በክረምት ዋልካው ውኃ ሲቋጥር ከብቱ ከገባ፥ ኮቴው መሬቱን ያቦካዋል፤ ያን ጊዜ አጭዶ በበረት ማብላት ይሻላል።

ማዳበሪያውንም መለየት ያስፈልጋል። ዩሪያ ሲበዛ ሣሩ ፈጥኖ ያድግና ማገጡን በጥላው ያፍነዋል። ለማገጥ የሚበጀው ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያና በሚገባ የበሰለ ፍግ ነው።

ለድርቆሽ የሚታጨደው ሣሩ ማዘርዘር ሲጀምር፥ ማገጡም በአበባ ላይ ሳለ ነው፤ ይህም በብዙ ስፍራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይውላል። እህሉ እስኪነሣ ብሎ ማዘግየት ገለባ ማከማቸት ነው። የማገጡ ቅጠል ከመጠን በላይ ሲደርቅ ስለሚረግፍ፥ ድርቆሹን የሚያገላብጡት ጤዛው ፈጽሞ ሳይጠፋ በጧት ይሁን። ርጥብ ሳለ የተከመረ ድርቆሽ ግን ግሎ ይሻግታል።

ከሁሉ ይልቅ የምናስጠነቅቀው ስለ ሆድ መነፋት ነው። የራባት ላም ማገጥ ወደ በዛበት ርጥብ መስክ ብትለቀቅ፥ በሆዷ ውስጥ አረፋ ተሞልቶ አየሩ መውጫ ያጣል። የግራ ጐኗ ይነፋል፤ ትንፋሿ ያጥራል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ አስቀድሞ ድርቆሽ አብልቶ፥ ጤዛውም ከደረቀ በኋላ መልቀቅ፥ የግጦሹንም ጊዜ ቀስ በቀስ ማስረዘም ይገባል። መነፋቱ ከታየ ወዲያው ከመስኩ አውጥቶ ወደ እንስሳት ሐኪም መላክ ነው። ሐኪሙ እስኪደርስ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት ማጠጣት አረፋውን ይሰብረዋል፤ ሆኖም ራሷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማጠጣት ዘይቱን ወደ ሳንባዋ ስለሚያስገባው መጠንቀቅ ያሻል።

የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ይህንን ለእረኛው ጭምር እንዲያስረዱ እንመክራለን። ጧት በሩን ከፍቶ ላሚቱን ወደ መስኩ የሚለቃት እርሱ ነውና።