ግብ ማግባትና ግብ መጠበቅ

በእግር ኳስ ጨዋታ ግብ ያገባ ሰው ስሙ በአደባባይ ይጠራል፤ ግብ እንዳይገባ የተከላከለው ግን ሥራው በዝምታ ያልፋል። ሆኖም ቤት የሚጸናው ወደ ውስጥ በሚገባው ሀብት ብቻ ሳይሆን በደጁ ጥበቃ ጭምር እንደ ሆነ አስተዋይ ሁሉ ያውቀዋል። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ የሆኑት አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. በተቋቋመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዘመን ሲጫወቱ ቦታቸው የአጥቂ ነበር። ታላቁ ሥራቸው ግን ከሜዳ ውጭ የፈጸሙት መከላከል ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር ሲመሠርቱ፣ እሳቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ መሪዎች ነጭና ጥቁር በአንድነት እንዲሰለፍ ስላልፈቀዱ ከውድድሩ ተከለከሉ። ኢትዮጵያም ተጋጣሚዋ በመቅረቱ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ዋንጫው ቢቀርም ሕጉ ጸንቷልና ሽንፈቱ የሚያሳፍር አልነበረም።

ዋንጫውም አልቀረም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው በአሠልጣኝነት የመሩት ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በአዲስ አበባ 4 ለ 2 ድል ነሣ። በዚያው ዓመት ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በከተማው ምዕራብ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ በሚባለው ክፍል፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር። አንዱ በመሣሪያ፣ ሌላው በጉባኤ ቃል፣ ሁለቱም የተነሡት በአንድ ግፍ ላይ ነው።

የጉባኤው ትግል ቀላል አልነበረም። የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ ላይ የጣለውን እገዳ በ1955 ዓ.ም. አነሣ። አቶ ይድነቃቸውና የአፍሪካ ባልንጀሮቻቸው አጥብቀው ስለ ተቃወሙ በ1957 ዓ.ም. እገዳው ተመለሰ። እሳቸውም በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ማኅበር ፕሬዚደንት ሆነው ተመረጡ፤ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ፌዴሬሽን ፈጽማ ተባረረች።

አቶ ይድነቃቸው የድካማቸውን ፍሬ ሳያዩ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ዘረኛውን ሥርዐት ትታ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ በጥር 1988 ዓ.ም. በአገሯ ዋንጫውን ስትወስድ ማንዴላ ፕሬዚደንት ሆነው በሜዳው ተገኙ። የኮልፌው ተማሪ የደረሱበትን ቀን የደጁ ጠባቂ አላዩትም።

ሹመት የተቀበለ ሰው ሁሉ ከዚህ ይማር። ጥቅም ሲመጣ በሩን መክፈት ለማንም ይቀላል፤ ሕግ እንዳይደፈር በሩን ዘግቶ ሠላሳ ዓመት መቆም ግን የታማኝ ሰው ሥራ ነው፤ ዋጋውንም የሚቀበለው ተከታዩ ትውልድ ነው።