የሕንድ የሕክምና ኮሌጆችና የአንድ ዓይነት ሐኪም ውሳኔ

በሕንድ ስለ ሐኪሞች ትምህርት የሚካሄደው ክርክር ብዙውን ጊዜ በቁጥር ይጀምራል፤ ስንት ኮሌጅ ተከፈተ፣ ስንት ተማሪ ተቀበለ፣ አንድ ሐኪም ለስንት ሰው ይደርሳል የሚሉት ጥያቄዎች በየምክር ቤቱና በየጋዜጣው ይመላለሳሉ። ይሁን እንጂ አገሪቱን የሚያስጨንቋት ችግሮች፣ ማለትም የመማሪያ ቦታ በገንዘብ መሸጡ፣ የመግቢያ ፈተናው ውዝግብና የገጠር ጤና ጣቢያዎች ሐኪም ማጣታቸው፣ በአመዛኙ የሚመነጩት በነፃነት ዋዜማ ከተወሰነ አንድ ውሳኔ ነው፤ ይኸውም አገሪቱ አንድ ዓይነት ሐኪም ብቻ እንድታሠለጥን የተደረገበት ውሳኔ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመናዊው የሕክምና ትምህርት በሕንድ የተተከለው በ1835 በካልካታና በማድራስ ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር፣ ካልካታ ውስጥ በአገሬው ቋንቋዎች ያስተምር የነበረውንና የአዩርቬዳንና የዩናኒን ነባር ሕክምና ከአውሮፓው ጋር ያጣምር የነበረውን ተቋም ዘግቶ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ኮሌጅ ከፈተ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ሐኪሞች ጎን ለጎን ይሠለጥኑ ጀመር፤ አንደኛዎቹ በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሚያገኙ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ አጠር ያለ ሥልጠና ወስደው ሊሴንሺየት የተባለ የሥራ ፈቃድ የሚሰጣቸው ነበሩ።

በ1943 ተቋቁሞ በ1946 ሪፖርቱን ያቀረበው፣ በሰር ጆሴፍ ቦር የተመራው ኮሚቴ ይህን ሥርዓት መረመረ። በወቅቱ ከተመዘገቡት 47,500 ያህል ሐኪሞች ውስጥ ወደ 30,000 የሚጠጉት ሊሴንሺየቶች ነበሩ። የኮሚቴው አብላጫ አባላት ይህ አጭር ሥልጠና እንዲቀርና ሁሉም ሐኪም በአንድ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንዲማር ወሰኑ፤ ጥቂት አባላት ግን የሐኪም እጥረት ባለበት አገር አጭሩን ሥልጠና መዝጋት አይገባም ብለው ተቃወሙ። የአብላጫው ሐሳብ የተከበረ ሐሳብ ነበር፤ ድሀው ገበሬ ከከተሜው ያነሰ ሐኪም ሊታዘዝለት አይገባም የሚል እምነት ነበረበትና። ነገር ግን ያው ሪፖርት መንግሥት እስከ መንደር የሚደርስ በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ሰፊ የጤና አገልግሎት እንዲገነባም አሳስቦ ነበር። አጭሩን ሥልጠና መዝጋት ወጪ አልጠየቀምና ተፈጸመ፤ አገልግሎቱን መገንባት ግን ብዙ ወጪ ጠየቀና በአብዛኛው በወረቀት ቀረ። የችግሩ ሥር ያለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ በተመሳሳይ ዘመን የመረጠችው መንገድ ለንጽጽር ይጠቅማል። በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ሐኪም በማይደርስበት አካባቢ በሽታን የሚከላከሉና የሚያክሙ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ሕንድ የዘጋችውን ዓይነት በር ኢትዮጵያ ከፈተች ማለት ነው።

ሐኪም የመሆኛው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆንና የመንግሥት ኮሌጆች ፍላጎቱን ማርካት ሲያቅታቸው፣ የመማሪያ ቦታው ዋጋ አወጣ። በ1953 በማኒፓል የግል የሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ፤ በኋላም በተለይ በካርናታካና በማሃራሽትራ ሌሎች ተከተሉ። ከትምህርት ክፍያው በላይ ለመቀበል ብቻ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ በተለምዶ ካፒቴሽን የሚባለው፣ ብዙ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ከተተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ክፍያውን ሕገ ወጥ አለ፤ በ1993 በግል ኮሌጆች ከመማሪያ ቦታው ግማሹ በብቃት ለተመረጡ በዝቅተኛ ክፍያ፣ ግማሹ ከፍ ባለ ክፍያ እንዲሰጥ አዘዘ፤ በ2002 ደግሞ ይህንኑ አሠራር ሻረው። ፍርዶቹ ዋጋውን ለመግታት ቢጥሩም፣ ዋጋውን የወለደውን እጥረት ማስወገድ ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረም።

ኒት የተባለው አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና በ2013 የተጀመረውም የዚህ ትግል አካል ሆኖ ነው፤ በዚያው ዓመት በፍርድ ተሽሮ በ2016 ተመለሰ። ፈተናው በየኮሌጁ የነበረውን ድርድር አጥብቧል፤ ይሁን እንጂ ለማጠናከሪያ ትምህርት መክፈል የሚችለውን ቤተሰብ ልጅ ይጠቅማል። ተማሪዎቹን በሁለተኛ ደረጃ ውጤት ትቀበል የነበረችው ታሚል ናዱ አጥብቃ ተቃውማዋለች፤ በ2020ም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚመጡ ተማሪዎች 7.5 በመቶ የመማሪያ ቦታ ለይታለች። ይህ የታሚል ናዱ ተቃውሞ አንዳንዶች እንደሚሉት የክልል ፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ ገጠርን የሚያውቅ ሐኪም ከየት ይመጣል የሚል እውነተኛ ጥያቄ አለበት። በ2024 ፈተናው ሾልኮ መውጣቱ ሲጋለጥ፣ ከ100 ሺህ ጥቂት ለሚበልጥ ቦታ የተፈተኑት ከ2.3 ሚሊዮን ያላነሱ ወጣቶች ነበሩ። ያልተሳካላቸው ብዙዎች ወደ ሩሲያና ወደ ቻይና፣ ከ2022 በፊትም ወደ ዩክሬን፣ ሄደው ይማራሉ።

ከ2014 ወዲህ መንግሥት የኮሌጆችን ቁጥር ከ387 ተነሥቶ ከ700 በላይ አድርሷል። ሕንፃ ግን ከመምህር ይልቅ ቶሎ ይቆማል፤ ለቁጥጥር ቀን ብቻ ስማቸው የሚቀርብ መምህራን ጉዳይም ተቆጣጣሪውን አካል ደጋግሞ አስቸግሯል። ተመራቂዎቹም ከተማ ውስጥ መቅረትን ይመርጣሉ።

የ1946ቱን ውሳኔ መልሰው ከፈተኑት መካከል ሁለት ክልሎች ይገኙበታል። ቻቲስጋር በ2001 የሦስት ዓመት የገጠር ሕክምና ሥልጠና ከፈተች፤ በ2010 የወጣ ጥናትም እነዚህ ሠልጣኞች የተለመዱ በሽታዎችን በማከም ከጤና ጣቢያ ሐኪሞች እንደማያንሱ አሳየ። የሥልጠናው ኮሌጆች ግን በሐኪሞች ተቃውሞና በዕውቅና ውዝግብ፣ ከተከፈቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግተው ነበር። አሳምም ተመሳሳይ ሥልጠና ጀምራ ነበር፤ የሐኪሞች ማኅበር ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 እንዲህ ያለውን ትምህርት የመደንገግ ሥልጣን የማዕከላዊው መንግሥት እንጂ የክልል አይደለም ሲል ሥልጠናውን የፈቀደው የክልሉ ሕግ መሻሩን አጸና። ያም ሆኖ ሠልጣኞቹ በተወሰነ ፈቃድ በገጠር እንዲሠሩ ክልሉ በ2015 ያወጣውን ሌላ ሕግ ፍርድ ቤቱ አልነካውም።