ምላጭ በድንጋይ ሲሳል

የሚጣል ምላጭ በየሱቁ በሞላበት አገር እየኖርን ስለ ታጣፊው የጺም ምላጭ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደንብ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል። በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የተሠሩት ዛሬም በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛሉ፤ ችግሩ መደነዛቸው ነው።

አሳሳሉ እንደ ወጥ ቤት ቢላ አይደለም። የቢላውን ዝንባሌ የሚጠብቀው እጅ ሲሆን፣ የምላጩን ግን የራሱ ጀርባ ነው። ስለዚህ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩን እንደነኩ፣ ስለቱ እየቀደመ፣ ሳይጫኑት ይገፋል። ሲመለስም በጀርባው ይገለበጣል።

ድንጋዩ ጠፍጣፋና የረጠበ ይሁን። በ1000 ቁጥር ተጀምሮ፣ በ4000 አልፎ፣ በ8000 ያልቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል። ብዙዎችን የሚያደክማቸው የመጀመሪያውን ሳይጨርሱ ወደ ልሙ መሮጥ ነው። ልም ድንጋይ የወጣውን ስለት ያለሰልሳል እንጂ፣ ያልወጣውን አያወጣም። በመጨረሻ በቆዳ ላይ ይታሻል፤ እዚህ ላይ ግን ጀርባው ይቅደም፣ አለዚያ ቆዳው ይቆረጣል።

አንድ አደራ፦ ምላጭዎን ለወንድምዎም ቢሆን አያውሱ። ዓይን የማያየው ደም እንኳ ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።