አሮጌ የናፍጣ ሞተር ሲንቴቲክ ዘይት ያስፈልገዋል?

በዘይት መሸጫ ሱቆች ሁለት ዓይነት ጄሪካን ጎን ለጎን ይደረደራል። አንዱ የተለመደው 15ደብልዩ-40፣ ሌላው ሲንቴቲክ 5ደብልዩ-40 ነው፤ ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። 1ኤችዜድ የተባለው የላንድክሩዘር ሞተር ያለውን ሰው ይህ ልዩነት ያሳስበዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተሠራው ይህ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ዛሬም በአገራችን መንገዶች በብዛት ያገለግላል። ዘይት ሲቀየርለት 10 ሊትር ገደማ ይወስዳል።

የሁለቱ ልዩነት ከመነሻ ዘይታቸው ይጀምራል። የማንኛውም የሞተር ዘይት አብዛኛው ክፍል መነሻ ዘይት ሲሆን ቀሪው የተጨመሩበት ኬሚካሎች ናቸው። የተለመደው ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ይጣራል፤ ቢጣራም መጠናቸው የተለያየ ሞለኪውሎች፣ ጥቂት ሰምና ድኝ ይቀሩበታል። ሰሙ በብርድ እንደ ቅቤ ይረጋል። ሲንቴቲኩ ደግሞ ወይ ከትናንሽ የጋዝ ሞለኪውሎች ተገጣጥሞ ይሠራል፣ ወይም ራሱ የድፍድፉ ውጤት በከፍተኛ ግፊት በሃይድሮጂን ተሰባብሮ እንደገና ይስተካከላል። ይህ ሁለተኛው በአሜሪካ “ሲንቴቲክ” ተብሎ እንዲሸጥ መንገድ የተከፈተለት በ1999 በአንድ የማስታወቂያ ክርክር ላይ በተሰጠ ውሳኔ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ዘይት በብርድ ቶሎ ይፈሳል፣ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም፣ ብዙም አይተንም።

ይህ ጥቅም በሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚገኝ ጄሪካኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይነግሩናል። 40 የሚለው ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት ያሳያል። ሁለቱም ጄሪካኖች 40 ስለሆኑ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ውፍረታቸው ተቀራራቢ ነው። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር የብርዱ መለኪያ ነው፤ ባለ 15 ዘይት ሞተር ለማስነሳት ብቁ መሆኑ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፣ ባለ 5 ደግሞ በ30 ዲግሪ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ እንኳ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የሲንቴቲኩ አንዱ ትልቅ ብልጫ በአገራችን አየር አብዛኛው ሳይሠራበት ይቀራል።

ሙቀትን መቋቋሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ቱርቦ ባለው ሞተር ዘይቱ የጭስ ማውጫው ሙቀት በሚያገኘው ዘንግ ዙሪያ ያልፋል። የአባይን በረሃ ጭነት ይዞ የወጣ መኪና ወዲያው ከጠፋ እዚያ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ከሰልነት ይለወጣል። እዚህ ላይ ሲንቴቲክ ለዋጋው የሚመጥን ሥራ ይሠራል። 1ኤችዜድ ግን ቱርቦ የለውም።

የአሮጌ ናፍጣ ሞተር ዘይት ዋነኛ ጠላት ጥቀርሻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ የናፍጣ ፓምፕ ግን ነዳጁን ያን ያህል አይቀንስም። አየር ያጠረው ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቁር ጭስ ይሆናል። የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት፣ ከተበላ ጥቀርሻው በክፍተቱ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል።

እነዚህን የሚቋቋሙት በዘይቱ ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ናቸው። አንዱ የጥቀርሻውን ቅንጣቶች እንዳይጓጉሉ ለያይቶ ይይዛል፤ ሌላው አሲዱን ያከሽፋል። ዘይት በተቀየረ ማግስት መለኪያ ዘንጉ ላይ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ኬሚካሉ ሥራውን መጀመሩን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም። ነገር ግን ኬሚካሎቹ ያልቃሉ። ሲንቴቲኩ ራሱ ገና ጤነኛ ሳለ በጥቀርሻ ይሞላል፤ በዚህም ምክንያት “ረጅም ኪሎ ሜትር ይሄዳል” የሚለው ተስፋ አሮጌ ሞተር ላይ አይሠራም።

የኬሚካሎቹን ደረጃ የሚናገረው ጄሪካኑ ላይ ያለው የኤፒአይ (የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት) ምልክት ነው። በ2002 የወጣው ሲአይ-4 ብዙ ጥቀርሻ እንዲሸከም የተዘጋጀ ነው። ከ2006 ወዲህ የመጡት ደረጃዎች የጭስ ማጣሪያ ላላቸው አዳዲስ ሞተሮች ሲባል የአመድ፣ ማለትም አሲድ የሚያከሽፈው ኬሚካል ሲቃጠል የሚተወው ቅሪት፣ መጠናቸው ተገድቧል፤ ማጣሪያ ለሌለውና ድኝ የበዛበት ናፍጣ ለሚጠቀም ሞተር ሲአይ-4 ይበልጥ ይስማማል።

ሲንቴቲክ ሞተር ያስፈስሳል መባሉም መነሻ አለው። በ1970ዎቹ የወጡት ቀደምት ሲንቴቲኮች የማገጃ ጎማዎችን ያኮማትሩ ነበር፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ተስተካክሏል። ዛሬ መፍሰስ የሚታየው በአብዛኛው ጎማው አስቀድሞ ደርቆ፣ ቀዳዳውን ደፍኖት የነበረው ቆሻሻ ሲታጠብ ነው።

ስለዚህ ቱርቦ ለሌለው አሮጌ ሞተር ሲአይ-4 የሆነ የተለመደ 15ደብልዩ-40 ይበቃዋል፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው እስከተቀየረ ድረስ። ወደ ሲንቴቲክ ለመዞር ያሰበ ሰው በመጀመሪያ ሞተሩን አስነስቶ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈት። ጭስ በግፊት ከወጣ ፋሻው አልቋልና የትኛውም ዘይት አይመልሰውም። ካልወጣ ደግሞ የዋጋውን ልዩነት ፓምፕና ኖዝል ለማስተካከል ያውለው፤ ጥቀርሻው የሚቀንሰው ከዚያ ነው።