1852 ሜትር፦ የባሕር ማይል ከየት መጣ?

አንድ ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር ነው፤ ይሄ ለማንም ግልጽ ነው። መርከበኞችና አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል (ኖቲካል ማይል) ግን 1852 ሜትር ነው። 1800 አይደለም፣ 2000ም አይደለም። ምን ዓይነት ቁጥር ነው ትሉ ይሆናል። ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከምድራችን ልክ የተወሰደ ነው።

እስቲ ካርታ ላይ የምታዩዋቸውን የኬክሮስ መስመሮች አስቡ። ከምድር ወገብ እስከ ሰሜን ዋልታ 90 ዲግሪ ነው። እያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ፣ ልክ እንደ ሰዓት፣ በ60 ደቂቃ ይከፈላል። 90 ሲባዛ በ60፣ 5400 ደቂቃ። የባሕር ማይል መነሻው የአንዷ ደቂቃ ርዝመት ነው።

ሜትርስ? በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የነበሩ ሳይንቲስቶች ሜትርን የቀመሩት ከዚሁ ርቀት ነው፤ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ለ10 ሚሊዮን ከፍለው። እንግዲህ 10,000,000ን ለ5400 አካፍሉት፤ 1851.85 ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሞናኮ ላይ በተደረገ ጉባኤ 1852 ሜትር ዓለም አቀፍ ልክ ሆነ። (አሜሪካ እስከ 1954፣ እንግሊዝ እስከ 1970 ድረስ ከዚህ በአንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም የራሳቸውን ማይል ይዘው ቆይተዋል።)

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባና አክሱም በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ፣ አክሱም 14 ዲግሪ ከ7 ደቂቃ ላይ ነው። ልዩነቱ 5 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ፣ ማለትም 305 ደቂቃ። ስለዚህ በአየር 305 የባሕር ማይል ያህል ይራራቃሉ። አለቀ! ማስመሪያም አላስፈለገንም። በ1.852 ስናባዛው 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በእርግጥ ምድር ወገቧ ላይ ትንሽ ሰፋ ስለምትል ደቂቃ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ምድር ወገብ አካባቢ 1843፣ ዋልታ አካባቢ 1862 ሜትር ያህል ነው።

ማይልን ከማይል ማምታታት ጣጣ አለው። አል-ፈርጋኒ የተባለው የ9ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድ ዲግሪ 56 ከ2/3 ማይል ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ኮሎምበስ ቁጥሩን ወሰደና በአጭሩ የጣሊያን ማይል፣ 1480 ሜትር ገደማ በሆነው፣ አሰበው። የሊቁ ማይል ግን የዓረብ ማይል ነበር፤ በጣም ይረዝማል። በኮሎምበስ ስሌት የምድር ዙሪያ 30,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆነ፤ እውነቱ 40,000 ነው። መሐል ላይ አሜሪካ ባትኖር ኖሮ ስንቁ እስያ ሳይደርስ ያልቅ ነበር።

ኪሎ ሜትርን በቃል ወደ ባሕር ማይል ለመለወጥ ቀላል ዘዴ አለ፦ ግማሹን ውሰዱ፣ በዚያ ግማሽ ላይ 8 በመቶውን ጨምሩ። የስዊዝ ቦይ 193 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹ 96.5፣ 8 በመቶው 7.7፣ ድምሩ 104.2 የባሕር ማይል። በማካፈያ ማሽን ብትሞክሩትም ያው ነው።

ፍጥነት ሲሆን ስሙ ኖት ይባላል፤ ቋጠሮ ማለት ነው። ድሮ መርከበኞች በእኩል ርቀት የተቋጠረ ገመድ ወደ ባሕር እየለቀቁ፣ በአሸዋ ሰዓት ልክ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ስለሆነ፣ አብራሪው «450 ኖት» ካለ በሰዓት 833 ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ ነው። «450 ኖት በሰዓት» አይባልም፤ ሰዓቱ ውስጡ አለ።