የሊማሊሞ ዳገትና የራዲያተር ውሃ

ከዛሪማ ቆላ ተነሥቶ በሊማሊሞ በኩል ወደ ደባርቅ የወጣ መንገደኛ መኪና በዳገት ላይ እንዴት እንደሚያለከልክ ሳይመለከት አይቀርም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የገደሉን ወገብ ጠርበው ያወጡት ይኸ መንገድ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ተሳፋሪው አገሩን እያየ ሲደነቅ የሾፌሩ ዓይን ግን ከሁለት ነገር አይለይም፤ አንዱ ከፊቱ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ ሁለተኛውም የሞተሩን ሙቀት የምታመለክተው ትንሽ መርፌ ናት።

እኛም በአንድ የጥር ወር ቀን ከቀትር በኋላ በዚሁ ዳገት ስንወጣ፣ መርፌይቱ ልኳን አልፋ ቀዩን ምልክት ነካች። ወዲያውም ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ጀመር። ሾፌሩ ዳር ይዞ እንዳቆመ ረዳቱ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ዘሎ ወረደና የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። ሾፌሩም ክንዱን ለቀም አድርጎ፣ «ተው አንተ ልጅ! ፊትህን ልትቀቅለው ነው?» ሲል ጮኸበት። ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በመንገዱ ዳር ተቀመጥን። በመጨረሻ ክዳኑ ሲከፈት ያየነው ውሃ ሳይሆን የቀይ አፈር ጭቃ የመሰለ የዝገት ጭማቂ ነበር። «ከየወንዙ የቀዳነውን ነው የምናጠጣት፤ ውሃ ውሃ ነው ብለን» አለ ሾፌሩ።

ይኸ ንግግር እኛን አሳፈረን። የሚያሳፍረው ለሾፌሩ አይደለም፤ እርሱ ሌላ ያስተማረው ሰው አልነበረም። እኛ ግን የውሃን መፍያ በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በደብተራችን ጽፈን፣ በፈተናም መልሰን፣ ጥሩ ነጥብ አግኝተንበታል። ትምህርቱ በሊማሊሞ ዳገት ላይ ይጠብቀናል ብለን ግን አንድ ቀንም አላሰብንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ በ2,850 ሜትር ግድም ላይ ስላለች፣ በዚያ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በፓርኩ ውስጥ አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው የቧሂት በር ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ መፍያው ወደ 86 ዲግሪ ይወርዳል። አሁን ከዚህ ጋር የሞተሩን ጠባይ እናስተያይ። ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ ክዳኑ የላላ መኪና ተራ ውሃ ይዞ ቧሂትን ቢወጣ፣ ሞተሩ ገና የሥራ ሙቀቱን ሲያገኝ ውሃው መንተክተክ ይጀምራል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የራዲያተር ክዳን እንደ ድስት ክዳን ተራ ነገር ያልሆነው። በላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎበት ይገኛል፤ ቁጥሩም ክዳኑ አምቆ የሚይዘውን ግፊት ያመለክታል። ደኅና ክዳን ካለ በደባርቅ ከፍታ እንኳ ውሃው ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ነገር ግን ያው የታመቀ ግፊት በድንገት ሲለቀቅ ነው ሰውን የሚያቃጥለው። ሞተሩን ሳይበርድ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም የጋለውን ብረት ያሰነጥቃል። መርፌይቱን ንቆ የነዳ ሰው ደግሞ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፤ ቴስታታ ያጣምማል፤ የአንድ ጀሪካን ቁጠባ በሞተር ዋጋ ይከፈላል።

ከሙቀቱ ሌላ ብርዱም አለ። ከህዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች በዳባትና በደባርቅ ደጋ ውርጭ ይጥላል፤ ከፍ ብሎ በሳንቃበርና በጨነቅ ሜዳ ላይ ደግሞ ውሃ ረግቶ ያድራል። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ስለሚሰፋ፣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ከረጋ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ በዚህ አገር አንዱ መኪና ቀን በመፍላት፣ ሌሊት በመርጋት ሊጠፋ ይችላል። ኩላንት የተባለው ፈሳሽ ሁለቱን በአንድነት ይከለክላል። የተሠራውም ኤቲሊን ግላይኮል ከሚባል ፈሳሽና ዝገትን ከሚከላከሉ ቅመሞች ነው። እኩል ለእኩል ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ መፍያውም በ8 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ሲበዛ ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ንጹሑን ብቻ የሚሞላ ሰው ይሳሳታል፤ ውሃ ያልገባበት ግላይኮል ከዜሮ በታች በ13 ዲግሪ ገደማ ይረጋል፤ ሙቀትም እንደ ውሃ አይሸከምም።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ብዙ ሰው አረንጓዴውን ወይም ቀዩን ስጡኝ ይላል። ቀለሙ ግን ፋብሪካው የሚጨምረው ነው እንጂ የጠባይ ምስክር አይደለም፤ የአንዱ ፋብሪካ አረንጓዴ ከሌላው አረንጓዴ ጋር ላይስማማ ይችላል። የማይስማሙት ሲደባለቁ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ይደክማል፤ አንዳንዴም እንደ አጥሚት ወፍሮ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘጋል። ስለዚህ መኪናው ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ገልጦ የታዘዘውን ዓይነት መግዛት ነው። የቀድሞው ዓይነት በሁለት ዓመት ገደማ፣ አዲሱ ዓይነት በአምስት ዓመት ገደማ ይለወጣል። በጠርሙሱ ላይ ተደባልቆ የተዘጋጀ መሆኑ ከተጻፈ ዳግመኛ ውሃ አይጨመርበትም። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የሚደባለቀው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ መሆን የለበትም፤ በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በሞተርም ውስጥ ይጋገራልና።

በማግስቱ ደባርቅ ላይ የዚያችን መኪና እጥበት ቆመን አየን። ሞተሩ አድሮ በርዷል። ሾፌሩ የካቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተ፤ ይኸውም በማሞቂያው ቧንቧ የተኛው ውሃ እንዳይቀር ነው። ከሥር ሳፋ አኑሮ የራዲያተሩን የታች መክፈቻ ፈታ፤ የሞተሩንም ማፍሰሻ እንደዚሁ። ቆሻሻው ወጥቶ ሲያልቅ ዘግቶ ንጹሕ ውሃ ሞላ፤ የላይኛው የላስቲክ ቱቦ በእጅ ሲነካ እስኪሞቅ ድረስ፣ ማለት ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ተወው። አጥፍቶ፣ አብርዶ፣ እንደገና አፈሰሰ። በመጀመሪያ ቡና የመሰለ፣ በሁለተኛው የጠላ አተላ የመሰለ ወጣ፤ በአራተኛው ጊዜ የገባው ውሃ እንደገባ ጠርቶ ወጣ።

አሞላሉም ዘዴ አለው። ከታጠበ በኋላ በሞተሩ ውስጥ ጥቂት ውሃ ስለሚቀር፣ አስቀድሞ ደባልቆ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ያቀጥነዋል። 10 ሊትር ለሚይዝ መኪና መጀመሪያ 5 ሊትሩን ንጹሕ ኩላንት አስገብቶ፣ የቀረውን በተጣራ ውሃ መሙላት ነው። ቀጥሎም አየሩ አረፋ እያወጣ እስኪያልቅ ሞተሩን ማሠራት፣ ከጥቂት ቀንም በኋላ ሲበርድ ልኩን ማየት ያስፈልጋል።

ረዳቱ ሳፋውን አንሥቶ ወደ ቦዩ ሊደፋ ሲሄድ በዚህ ጊዜ ያስቆምነው እኛ ነን። ያን ዕለት በሳፋው ውስጥ የነበረው አብዛኛው ዝገት ቢሆንም ልማዱ ክፉ ነው። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ከብትም ጣዕሙ ስቧቸው ይልሱታል፤ ኩላሊታቸውን አጥፍቶ ይገድላቸዋል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሚኖሩበት ተራራ ሥር እንዲህ ያለውን ነገር ወደ ምንጭ ማፍሰስ በደል ነው። በጀሪካን አጠራቅሞ፣ ከድኖ፣ ሕፃን ከማይደርስበት ማስቀመጥና ለሚያስወግድ ማስረከብ ይገባል።

ይኸን ሁሉ የጻፍነው ሁሉም ሰው መካኒክ ይሁን ብለን አይደለም። ነገ የመሥሪያ ቤት መኪና በፊርማው የሚረከበው፣ የመለዋወጫ መጠየቂያም ቀርቦለት «ይኸ ምን ያደርጋል? ውሃ አይበቃም ወይ?» ብሎ የሚሰርዘው ያው ዛሬ በክፍል የተቀመጠው ወጣት ነውና። የደባርቅ ባለበቅሎ ዳገት ከመጀመሩ በፊት በቅሎውን ያጠጣል፤ መጫኛውን ይፈትሻል፤ የጀርባዋን ቁስል ያያል። ወጣቱ ሹምም ከመጓዙ በፊት ሾፌሩን፣ «የራዲያተሩ ፈሳሽ መቼ ተለወጠ? ዓይነቱስ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን በመኪናው መዝገብ ላይ ቢያጽፍ ከክብሩ አይጎድልበትም። ሾፌራችን ያን ቀን ማታ በነጭ ወረቀት ላይ ቀኑንና የፈሳሹን ዓይነት ጽፎ ከመሪው አጠገብ ለጠፈው። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ መርፌይቱ በዳገቱ ሁሉ ከመካከል ንቅንቅ አላለችም፤ እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ ገደሉን ተረጋግተን አየነው።