የአንድ መኪና ብዙ አገሮች

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሙየንጋ የሚባል ኮረብታ ይገኛል። በአናቱ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከሮች ስላሉበት ታንክ ሂል እየተባለም ይጠራል። ዳገቱን ከሚወጡት መኪናዎች ብዙዎቹ የቶዮታ ምልክት አለባቸው። ቶዮታ የጃፓን ኩባንያ በመሆኑ መኪናዎቹ ሁሉ ከነሙሉ አካላቸው በጃፓን የተሠሩ ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም።

ኩባንያው የተቋቋመው በ1937 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ሃይሉክስ የተባለው የጭነት መኪናውም በ1968 መሠራት የጀመረው በጃፓን ነበር። በ2004 ግን ኩባንያው ሥራውን ለብዙ አገሮች አከፋፈለ። በዚህ ዕቅድ መሠረት የናፍጣ ሞተር በታይላንድ፣ የቤንዚን ሞተር በኢንዶኔዥያ፣ በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ ደግሞ በፊሊፒንስና በሕንድ እንዲሠራ ተደረገ። ሃይሉክስም በታይላንድ፣ በአርጀንቲናና በደቡብ አፍሪካ እንዲገጣጠም ተደረገ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ሲሠራ ሠራተኛው ይካናል፤ ወጪውም ይቀንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው።

ይሁን እንጂ መተባበር መተሳሰርንም ያመጣል። በ2011 ታይላንድን ታላቅ ጎርፍ አጥለቀለቃት። የቶዮታ መገጣጠሚያዎች ራሳቸው ውሃ ባይገባባቸውም ዕቃ የሚያቀርቡላቸው ፋብሪካዎች ስለ ተጥለቀለቁ ሥራቸው ቆመ። ከዚህም የተነሣ በኢንዶኔዥያ፣ በፊሊፒንስና በሩቅ ሰሜን አሜሪካ ሳይቀር ምርት ተቀነሰ።

የመኪናውን መገጣጠሚያ አገር ለማወቅ የሻንሲውን ቁጥር መመልከት ይረዳል። በዓለም አቀፍ ደንብ ቁጥሩ 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት። በጄ የሚጀምር የጃፓን፣ በኤምና በአር የሚጀምር የታይላንድ፣ በኤና በኤች የሚጀምር የደቡብ አፍሪካ ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ሌላ ቁጥር አላቸው። መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ ቢሄድ ይጠቀማል፤ የማይስማማ ፍሬን በሙየንጋ ቁልቁለት ላይ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና።

ወደብ የሌላት ኡጋንዳ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን መኪና በአብዛኛው የምታስገባው በኬንያ ወደብ በሞምባሳ በኩል ነው። ሆኖም ገዢ ብቻ ሆና መቅረት አልፈለገችም። ያ ጎርፍ በደረሰበት በ2011፣ በካምፓላ የሚገኘው የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኪራ የተባለችውን ሁለት ሰው የምትይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ ለሙከራ አስነዳ። ከዚህ ጥረት የተወለደው ኪራ ሞተርስም በጂንጃ የአውቶቡስ ፋብሪካ አቋቋመ።

እንግዲህ በመኪና ላይ የተለጠፈው ምልክት የአንድ ኩባንያ ስም ይሁን እንጂ፣ ከሥሩ ያለው ድካም የብዙ ሕዝቦች ነው። ከዚህ ሥራ ድርሻ ለማግኘት የሚሻ አገር አስቀድሞ በልጆቹ እጅ ላይ ሙያን ማኖር ይገባዋል።